አባቴን ከክፍል አስወጡልኝ

አባቷ የክፍሉን በር ገፋ አድርገው ሲገቡ ጫሪት መጀመሪያ የመሰላት ቤት ውስጥ ሰው የሞተ ነው። ያለ ከባድ ነገር አባት ኮሌጅ ድረስ አይመጣም። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እሳቸው ግን አላዩዋትም፤ ወይም ያላዩ መሰሉ። ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ለመምህሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተው በጠረጴዛዎቹ መሃል ቀጥ ብለው አለፉና ከሁሉም ኋላ ባለችው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉ። እጃቸውን አጣጥፈው ወደ ሰሌዳው ተመለከቱ።

«ይቀጥሉ» አሉት መምህሩን። «እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ።»

ያን ጊዜ ገባት። ማንም አልሞተም። የባሰ ነገር ነው የመጣው።

አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራቸው ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ፣ ሳይነግሩ ክፍል ገብተው፣ ከኋላ ተቀምጠው መምህሩ እንዴት እንደሚያስተምር ማየት ነበር። እሳቸው የገቡበት ክፍል ዝንብ እንኳ ድምፅ አጥፍታ ነው የምትበርረው ይባላል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆጣጠሩት ትምህርት ቤት አልነበራቸውም፤ የቀራቸው ቤታቸው ብቻ ነው። ቤቱን ደግሞ አዳርሰው ጨርሰዋል።

ልጅቷን ጫሪት ያሏትም እሳቸው ናቸው። በልጅነቷ ግድግዳ አይቀራት፣ የደብተር ልባስ አይቀራት፣ እናቷ ለስፌት የዘረጋችው ጨርቅ አይቀራት፣ ያገኘችው ላይ ሁሉ ትጭር ነበር። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይሏት ነበር እየሳቁ። አኒሜሽን ለመማር ኮሌጅ መግባቷን በነገረቻቸው ቀን ግን አልሳቁም።

«ሥዕል ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሥዕል ማንቀሳቀስ ነው።»

«ወዴት?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ጥያቄው ከዚህ ፈቅ አላለም። እራት በቀረበ ቁጥር አዲስ መልክ ይዞ ይመጣል። ሐኪም ሐኪም ይባላል፤ አናጺ አናጺ ይባላል፤ አንቺ ስትመረቂ ምን ተብለሽ ልትጠሪ ነው? አኒሜተር ስትላቸው «ይሄማ የመድኃኒት ስም ነው» አሉ። ዘመዶቹም ከእሳቸው አይሻሉም። አክስቷ ስልኳ በተበላሸ ቁጥር ትደውልላታለች፤ «አንቺ የኮምፒዩተር ልጅ አይደለሽ?» እያለች። አጎቷ ሱቁ በር ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ አስጽፏት ሲያበቃ «ይሄን ለመጻፍ ነው ሦስት ዓመት?» ብሏታል። መጀመሪያ አካባቢ ታስረዳቸው ነበር። ኋላ ኋላ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑ ሲገባት ዝም አለች።

ባለፈው እሑድ አባቷ ሾርባቸውን ጨርሰው ማንኪያውን አስቀመጡና «ማየት ማመን ነው። ራሴ ገብቼ አያለሁ» አሉ። እንደ ቀልድ ሰምታ አለፈችው። አባቷ ቀልድ እንደማያውቁ እንዴት ረሳችው?

በዕረፍት ሰዓት በሩጫ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሄደች። ኃላፊዋ ቆፍጣና ሴት ናት፤ ተማሪም አስተማሪም ይፈራታል።

«አባቴን ከክፍል አስወጡልኝ» አለቻት ጫሪት።

ኃላፊዋ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያሉት።»

«እንዴት ይፈቀዳል? ተማሪ አይደሉም እኮ።»

«እኔ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ አባትሽ ከኋላ ተቀምጠውብኝ ያውቃሉ» አለች ኃላፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ጠዋት በዚህ በር ሲገቡ ሳላውቀው ተነሥቼ ቆምኩ። እምቢ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን እሺ ነው። ምን ላድርግሽ?»

የዚያን ቀን ትምህርት ስለ አረማመድ ነበር። መምህሩ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያሰረ፣ ማስታወቂያ ቤት ብዙ የሠራ፣ ቡና እንጂ እንቅልፍ የማያውቅ የሚመስል ሰው ነው። ተማሪዎቹን በየተራ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያስኬዳል። ዳሌ የት ይሄዳል፣ ትከሻ መቼ ይዞራል፣ ተረከዝ እንዴት ያርፋል? «ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ሊወድቅ ብሎ ነው የሚተርፈው» አላቸው። «ያቺን ሊወድቅ ያለባትን ካልያዛችሁ የሣላችሁት ሰው አይሄድም፤ ይንሸራተታል እንጂ።»

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ጫሪት ሳትዞር አወቀችው።

«የዛሬው ትምህርት ዓላማ ምንድን ነው?» አሉ አባቷ።

«መራመድ» አለ መምህሩ።

«ልጆቹ እስከ ዛሬ መራመድ አያውቁም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ራሱ ከንፈሩን ነከሰ። ጫሪት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት አትጠላም ነበር።

በማግሥቱ ዋናው ጥያቄ መጣ። አባቷ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አውጥተው ጠብቀው፣ ሲፈቀድላቸው ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «እነዚህ ልጆች ከዚህ ወጥተው የት ነው የሚገቡት?» አሉ። መምህሩ ይሄን መልስ ለስንት ወላጅ ስለተናገረው በቃሉ ያወርደው ጀመር፤ ማስታወቂያ አለ፣ የልጆች ፕሮግራም አለ፣ ጨዋታ አለ፣ የትምህርት መርጃ አለ፣ ሕክምና አለ፣ ግንባታ አለ።

«የት እንደሚገቡ አይደለም» አሉ አባቷ። «የት እንደገቡ ነው የጠየቅሁት። አምና የተመረቁት አሁን የት ናቸው?»

መምህሩ ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። «አንዷ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው። ልብ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ለሕመምተኞች በሥዕል ታሳያለች። አንዱ የስልክ ጨዋታ ይሠራል። አንዱ ገና ያልተሠራ ሕንጻ እንደተሠራ አድርጎ ለገዢ ያሳያል። ሁለቱ ማስታወቂያ ቤት ናቸው፤ የሳሙና ጠርሙስ ያስጨፍራሉ።»

«ሌሎቹስ?»

«አንዱ ጫማ ይሸጣል።»

«የሚንቀሳቀስ ጫማ?»

«አይ» አለ መምህሩ። «የተለመደው ጫማ።»

አባቷ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀመጡ። ከጫሪት ጎን የሚቀመጠው ልጅ፣ ቁመቱ በር የማይበቃው ስለሆነ ረጅሙ የሚሉት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «አባትሽ ግን ደስ ይላሉ» አላት። ደሟ ፈላ።

ማታ ቤት ስትገባ በቀጥታ ወደ እናቷ ሄደች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሳሎኑ ግማሽ የእሷ ነው፤ መኪናው፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ የደንበኞች መስተዋት። መርፌ በአፏ ይዛ እጅጌ ትሰካ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ነገር አድርጊ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው እጅ እያወጡ ነው እኮ።»

«እጅ ካወጣ ጨዋ ነው» አለች እናቷ በመርፌው መሃል።

«መሳቂያ አደረጉኝ። ከልክያቸው።»

እናቷ መርፌዎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣችና የመርፌ ትራሱ ላይ ሰካቻቸው። «እውነቱን ልንገርሽ? ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» አለች ጫሪት።

«ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከኋላዬ ወንበር አስቀምጦ ስሰፋ ያየኛል» አለች እናቷ። «ይሄ ስፌት ለምን ከዚህ ጀመረ ይለኛል። ደንበኛ ስለካ ብቅ ብሎ እጅጌው አይረዝምም ወይ ይላታል። አንዷማ ጨርቋን ይዛ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። እኔም ሰው ነኝ፤ አንጀቴ አርሯል። ልጅህ ምን እንደምትማር ካልገባህ ለምን ሄደህ አታይም አልኩት። ትናንት ብቻዬን ሬዲዮ እየሰማሁ ስሰፋ ዋልኩ። እንዴት ያለ ቀን መሰለሽ።»

«እና እኔን ሸጥሽኝ።»

«አንቺ ወጣት ነሽ» አለች እናቷ መርፌዎቹን ወደ አፏ እየመለሰች። «ትችይዋለሽ።»

ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ የመምህሩም ትዕግሥት አለቀ። አባቷ የተማሪዎቹን አቀማመጥ አርመዋል፤ የሰሌዳ ጽሑፉ ከኋላ እንደማይነበብ አሳስበዋል፤ መብራቱ ሲጠፋና ፊልም ሲታይ በጨለማ ውስጥ ማን እንደሚተኛ ለይተው ለመምህሩ ጠቁመዋል። ሐሙስ ዕለት መምህሩ አንድ እስር ባዶ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ።

«አባባ» አላቸው፤ «ይሄን ኳስ ያንጥሩልኝ።»

«የቱን ኳስ?»

«እርስዎ የሚሥሉትን። ከላይ ትውረድ፣ መሬት ትንካ፣ ትነሣ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በአንደኛ ዓመት የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም የሚሠራው ነገር ነው። አባቷ ልጅ አሰኙኝ ብለው ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ይናገር ነበር፤ ግን ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ከሥሩ መብራት ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ እየደረቡ፣ ክቡን በጥንቃቄ ሣሉ። መምህሩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አነሣና ኮምፒዩተሩ ላይ አስኬዳቸው። ኳሷ እንደ ሊፍት ቀጥ ብላ ቀስ እያለች ወረደች፤ መሬት ስትደርስ ቆመች፤ እንደ ሊፍት ተመልሳ ወጣች።

«ይቺ ኳስ ክብደት የላትም» አለ መምህሩ።

«ኳስ ምን ክብደት አላት?» አሉ አባቷ።

«እስቲ ጣል አድርገው ይዩዋት።»

ያ ነው ጥፋቱ። አባቷ ኳሷ ውስጥ ጠፉ። ዓርብ ዕለት ሳምንቱ ማለቁን ጫሪት ስታስታውሳቸው «ኳሷ አላለቀችም» አሏት። በሚቀጥለው ሰኞም መጡ። ቤት ውስጥ ብርቱካን ይጥላሉ፣ የክር ጥቅል ይጥላሉ፣ ተንበርክከው ጉንጫቸውን ወለል ላይ አስጠግተው ያያሉ። እናቷ ከኩሽና ሽንኩርት ጠፋብኝ ብላ ስትፈልግ ከመኝታ ቤት ኮሪደር ሰበሰበችው። «ሽንኩርት እኮ አይነጥርም» ብትላቸው «የማይነጥረውንም ማወቅ አለብኝ» አሉ። ስለ ሥራው፣ ስለ ማዕረጉ፣ ስለ መድኃኒቱ ስም መጠየቅ ትተዋል። ጫሪት ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ አሁን ማንኪያ ከማንሣቷ በፊት ወረቀት ፊቷ ይደቀናል። «እዚህ ላይ ጠፍጠፍ ብትል ምን ይመስልሻል?»

በዚህ ላይ የመመረቂያ ፊልሙ አለ። በቡድን የሚሠራ ነው። ቡድኑ እሷ፣ ረጅሙና ዝምተኛዋ የሚሏት ልጅ ናቸው። ታሪኩን ያመጣችው ጫሪት ናት፤ ጣራ ላይ ወጥታ መውረድ ያቃታት ፍየልና ከታች ተሰብስበው ምክር ብቻ የሚወረውሩላት ጎረቤቶች። አጭር ናት፤ ታስቃለች፤ ብትጨረስ።

አትጨረስም። ረጅሙ እጁ ወርቅ ነው፤ የሣለው ሁሉ ይተነፍሳል፤ ግን መሣል የሚፈልገው ዘንዶ ብቻ ነው። ፍየሏን ዘንዶ መጥቶ ቢያወርዳትስ ይላል። ቢበዛ ለአንድ ቀን እሺ ብሎ ፍየል ይሥላል፤ በማግሥቱ የፍየሏ ጅራት ረዝሞ ይገኛል። ዝምተኛዋ ቤቶቹንና ሰማዩን ነው የምትቀባው። አንዱን ግድግዳ ቀብታ ትጨርስና ትንሽ ራቅ ብላ አይታ ታጠፋዋለች። ለምን ስትባል አትናገርም፤ ዝም ብላ እንደገና ትጀምራለች። ጫሪት ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሮጥ ትውላለች። ይሄ የት ደረሰ? ያኛው ለምን ቆመ? ድምፁን ማን ይቀዳል? ክፍሉ እስከ ስንት ሰዓት ነው የተፈቀደልን? ማታ የራሷን ድርሻ ለመሣል ስትቀመጥ እጇ ይዝላል።

ማስረከቢያው ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣ። ኮምፒዩተሩ የጠዋቱን ሥራ ይዞባቸው ጠፋ። ዝምተኛዋ አልቋል የተባለውን ግድግዳ እያጠፋች ነው። ጫሪት ረጅሙ የላከውን ስታይ ከደመናው ኋላ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥላ ነው» አለ ረጅሙ።

«የምን ጥላ?»

«የዘንዶ። ጥላው ብቻ ነው እኮ።»

አባቷ ወረቀታቸውን ታቅፈው የገቡት በዚህ መሃል ነው። «ጫሪት፣ አንዴ ይቺን ኳስ እይልኝ» አሉ። አላየችላቸውም። ቆመው ክፍሉን ቃኙ፤ ያ የድሮ ዓይናቸው ነበር፣ ከኋላ ወንበር የሚያየው። «አንድ ነገር ልበል» አሉ። «እዚህ መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ሁለቱ ልጆች ሲሠሩ አያለሁ። አንቺ ጠረጴዛ ላይ ግን ሥዕል አላየሁም። ትዞሪያለሽ እንጂ አትሥዪም።»

«አባዬ፣ ይውጡልኝ» አለች።

«ማለቴ—»

«ይውጡልኝ።» አሁን ማቆም አልቻለችም። «ሥራው ምንድን ነው እያሉ ሦስት ዓመት ሲጠይቁኝ መልስ ያጣሁት ስለማይገባዎት ይመስልዎታል? እኔም ስለማላውቅ ነው። የክፍሉ ደካማ እኔ ነኝ። እኔ የሣልኩት ሰው ሲራመድ ይንሸራተታል። መምህሩ ያውቃል፣ እነዚህም ያውቃሉ፤ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ይኸው አወቁት። ደስ ይበልዎት።»

ረጅሙና ዝምተኛዋ አቀርቅረው ጠረጴዛቸውን ያያሉ። አባቷ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ፤ አንዱ ወድቆባቸው ጎንበስ ብለው አነሡ። ወጡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ቢያላትሙት ይሻላት ነበር።

ጫሪት ለጥቂት ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ የምትፈራው ነገር ግን አልነበራትም።

«ዘንዶው ይውጣ» አለች።

«ጥላው ብቻ—»

«ጥላውም ይውጣ። አንተ ዛሬ የፍየሏን መጨረሻ ትሠራለህ፤ ሳትጨርስ አትነሣም።» ወደ ዝምተኛዋ ሄደችና ብዕሩን ከእጇ ወሰደች። «ግድግዳው አልቋል።»

«ገና ነው—»

ልጅቷ በሳምንቱ ከአፏ ያወጣችው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

«አልቋል ብያለሁ። የሚቀጥለውን ክፈቺ።»

ሰሌዳው ላይ ማን ምን መቼ እንደሚያስረክብ ጻፈች። የራሷን ድርሻ፣ ጎረቤቶቹ ሲሮጡ የሚያሳየውን፣ ከሰሌዳው ላይ ራሷ አጠፋችው፤ በሩጫቸው ፈንታ ድምፃቸው ብቻ እንዲሰማ አደረገች። ረጅሙ ሲያጉረመርም ዋለ፤ ግን ሠራ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱም እሷ ስትመጣ ጀርባቸውን ያቀናሉ። አባቷ ወደ ኮሌጁ አልተመለሱም። ቤትም ስለ ኳሷ አያነሡ፣ ስለ ሥራው አያነሡም። እናቷ ባሏ ተመልሰው ከኋላዋ ስለተቀመጡ ጫሪትን ታኮርፋታለች።

ፊልሙ በቀኑ ደረሰ። ከቀሩት ቡድኖች ሁለቱ አልደረሱም፤ አንደኛው ደግሞ ያለ ድምፅ ታየ። በማሳያው ቀን አዳራሹ ሞላ፤ እናትና አባቷም መጥተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቹ ከታች «ዝለይ!» «አትዝለይ!» እያሉ ድምፃቸው ሲደበላለቅና ፍየሏ ደክሟት ጣራው ላይ ጋደም ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቷ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጫሪት ከዳር ቆማ ያንን ስታይ ነበር።

መብራት ሲበራ አንዲት አጠር ያለች ሴት ወደ ሦስቱ መጣች። የስቱዲዮ ባለቤት ናት፤ በየዓመቱ ሰው ለመምረጥ ትመጣለች። ረጅሙን ፍየሏን ማን ሣላት ብላ ጠየቀችው፤ እኔ አላት። ዝምተኛዋን ቤቶቹን ማን ቀባቸው አለቻት፤ ልጅቷ አንገቷን ሰበረች። «ማን ነው ያስጨረሳችሁ?» አለች ቀጥላ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ጣታቸውን ወደ ጫሪት ቀሰሩ፤ እንደሚከስ ሰው።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ሰኞ ነይ» አለች። «አስተባባሪ እፈልጋለሁ።»

«አኒሜተር ነኝ እኮ» አለች ጫሪት።

«ሠዓሊ ሞልቶኛል። የሚያስጨርስ ነው ያጣሁት።»

ጫሪት እየተቃጠለች ቤት ገባች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «ሦስት ዓመት ተምሬ እንዳልሥል ሊቀጥሩኝ ነው» አለች። «ሰው እያሯሯጥኩ ስንት ሰዓት ነው፣ የት ደረስክ፣ ለምን አልጨረስክም ስል ልኑር? እሱማ ሳይማሩትም ይሆናል። አልሄድም።»

እናቷ አባቷን አየች። አባቷ ጋዜጣቸውን አጠፉት። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ወዲህ መጀመሪያ ያነጋገሯት ያን ጊዜ ነው።

«እኔ መምህር ነበርኩ» አሉ። «ተቆጣጣሪ ከመሆኔ በፊት። ይሄን ነግሬሽ አላውቅም።»

«አልነገሩኝም» አለች።

«ማስተማር አልችልበትም ነበር። የማውቀውን ስናገር ልጆቹ ይተኙ ነበር። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ጠርቶ፣ አንተ ማስተማር አትችልም፣ የሌላው ማስተማር ሲበላሽ ግን ከሁሉም ቀድመህ ታያለህ፣ ተቆጣጣሪ ሁን አለኝ። እንደ አንቺ ነው የተናደድኩት። ለብዙ ጊዜ ያንን ሰው ሰላም አላልኩትም።»

«ኋላስ?»

«ኋላማ እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። ሰላም ግን አላልኩትም።»

«ዘር ከልጓም ይስባል» አለች እናቷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ከቀኑ ሁሉ ጫሪትን ያንገበገባት ይሄ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አባቷን ላለመምሰል ነው የጫረችው። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ወጣች። «ያን ቀን ስለተናገርኩት ይቅርታ» አለች አባቷን። «ስለ ኳሷ ግን አይደለም። ኳሷ አሁንም ክብደት የላትም።»

«አውቃለሁ» አሉ አባቷ። «ስታርፍ ነው የምትበላሸው።»

ሰኞ ሄደች። እሺ ያለችው ለሙከራ ነው፤ ሙከራው ግን ዓመት አለፈው። ረጅሙ የስልክ ጨዋታ ቤት ገብቶ ከጠዋት እስከ ማታ ዘንዶ ይሥላል፤ በቅርቡ ደውሎ ዘንዶ ሰለቸኝ፣ እናንተ ጋ ፍየል የሚሠራ አትፈልጉም ወይ ብሏታል። ዝምተኛዋ ሐኪም ቤት የሕመምተኞች ማስተማሪያ ትሠራለች። ደስተኛ ትመስላለች፤ ኩላሊት አንዴ በትክክል ከተሣለ እንደገና ማጥፋት የለም። አባቷ በኮሌጁ የማታ ክፍል ተመዝግበው አኒሜሽን ይማራሉ፤ እናቷ የመመዝገቢያውን ወረቀት ራሷ ነው ሮጣ ያመጣችላቸው።

ጫሪት የምትሠራበት ስቱዲዮ ከአንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከታች ብረት ይንኳኳል፤ ከላይ እሷ ታንኳኳለች። የልጆች የጥርስ አቦራረሽ ፊልም አለ፣ የግድግዳ ቀለም ማስታወቂያ አለ፤ ሁሉም ነገ ነው የሚባለው፤ ነገ ደግሞ መጥቶ አያውቅም። አንዱ አኒሜተር ዕቃው ተበላሸ ይላል፣ አንዱ ስሜቱ አልመጣልኝም ይላል፣ አንዷ ሳትናገር ለዕረፍት ትሄዳለች። ጫሪት ማታ ማታ ለራሷ ትሥላለች፤ ሰዎቿ አሁንም ይንሸራተታሉ፤ ግን ለማንም ስለማታሳየው አያናድዳትም።

ባለፈው ወር አንድ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ የሚያሳየው የጥንቃቄ ፊልም አሠርቷቸው ነበር፤ ዕቃ አንሺ መኪና ባለበት መጋዘን ውስጥ ሰው እንዴት መንቀሳቀስ እንዳለበት። ብዙ ለቅሶና ብዙ ጠብ አይቶ አለቀ። ለማሳየት ይዛው የሄደችው እሷ ናት። ሠራተኞቹ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ በምግብ ቤታቸው ተሰብስበው፣ ገሚሱ ሻይ እየጠጣ፣ ገሚሱ እያወራ ፊልሙ መታየት ጀመረ። መኪናዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ድንገት ብቅ ብላ በሥዕሉ ሰውዬ እግር አጠገብ ስታልፍ ወሬው ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ደልዳላ ሰው፣ ሳያውቀው፣ የዘረጋውን እግር ወደ ወንበሩ ሥር ሳብ አደረገ።

ጫሪት አየችው። ከዚያ ፊልም አንዲት መስመር አልሣለችም። ግን እሷ ባትኖር ያቺ መኪና ዛሬም ከመደርደሪያው ጀርባ አትወጣም ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ የሰውዬውን እግር እያየች ፈገግ አለች።

ፊልሙ እንዳለቀ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እጁን እያፋተገ መጣ። «በጣም ጥሩ ነው፤ በጣም ወደድነው» አላት። «አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ። የእኛ መኪናዎች እኮ ቢጫ አይደሉም። ቀይ ናቸው። ደግሞ ከግራ ሳይሆን ከቀኝ ብትመጣ ምን ይመስልሻል?»

ጫሪት ስልኳን አወጣች። አኒሜተሮቹ ምን እንደሚሏት እያሰበች ለስቱዲዮው መደወል ጀመረች።